ባለ አራት ገጹ የአእምሮ መፍቻ

ሰው ለአንድ ነገር ስም ካወጣለት የገራው ይመስለዋል፤ አልታዘባችሁም? እኔም መስሎኝ ነበር።

ሰመራ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። አንድ ጊዜ የሥነ ልቦና ስልጠና መጣ። ስልጠናው ለአለቆች፣ ወረቀቱን አባዝቶ በስቴፕለር ማያያዙ ለእኔ። አንድ ቅጂ ተረፈኝ፤ አራት ገጽ የቃላት መፍቻ። «ንዴትን ማዛወር፦ ያናደደንን ትቶ አቅመ ቢሱን መቆጣት» ይላል። አጠገቡ የአለቃዬን ስም ልጽፍ ትንሽ ቀረኝ። የበላዩ በስልክ ይጮህበታል፣ እሱ እኔ ላይ ይጮሃል፣ እኔ ስቴፕለሩን እደቃዋለሁ። ስቴፕለሩ ሥነ ልቦና ስለሌለው ይችለዋል።

ጥበቃችን ጋሽ ሁመድ አፋር ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አነብለት ነበር። የነርቭ ሴል የሚለው ላይ ደረስን። አንዱ ሴል መልእክት ይቀበላል፣ ክፍተቱን አሻግሮ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ጋሽ ሁመድ ሳቀ። ይሄማ ዳጉ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ወረቀት ይባክናል? አለ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ወሬ የሚቀባበሉበት ደንብ ነው። ያየኸውንም የሰማኸውንም ትናገራለህ። አትጨምርም፣ አትቀንስም።

እኛ ከደጋ የመጣነው ደግሞ መርዶ እንደብቃለን። ሐዘንተኛው እስኪበላ፣ እስኪተኛ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የስምንት ወር ልጄ ናሆም በአራት ቀን ትኩሳት ሞተ። የአምስት ዓመቷን እህቱን ማህሌትን ሲታመም አዋሽ፣ እህቴ ቤት ልከናት ነበር። እንዳትነግሯት አልኩ። ወር ሞላ። በስልክ፣ ናሆም ጥርስ አወጣ? ትለኛለች። ተኝቷል እላታለሁ።

በመጨረሻ እናቷ መረራት። «ሂድና አንተው ንገራት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ» አለችኝ። የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጋሽ ሁመድ ወዴት ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ወር ሙሉ ልጅቷን ዳጉ ከልክላችኋታል በለኛ፣ ብሎ አፈረብኝ።

ወረቀቱን ይዤ ተሳፈርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «ሐዘን፦ ለማጣት የሚሰጥ ተፈጥሯዊ ምላሽ።» ከሎጊያ ሚሌ አጠናሁት። አዳይቱ ላይ በቃሌ ያዝኩት። ገዋኔ ላይ ጠፋኝ። ደግሞስ ለአምስት ዓመት ልጅ «ተፈጥሯዊ ምላሽ» ምን ተብሎ ይነገራል? መፍቻው ራሱ መፍቻ ያስፈልገው ነበር።

ማህሌት ሰመራ ከአፋር ልጆች ጋር ነው ያደገችው። ዳጉ ጨዋታዋ ነው። አዋሽ ደርሼ ቦርሳዬን ሳላወርድ እጄን ያዘች።

«አባቢ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

ሚሌ ጋ ከባድ መኪና ተገልብጦ አየሁ አልኳት። አዳይቱ ዝናብ መጣሉን ሰማሁ። ገዋኔ ላይ ግመሎች መንገድ ዘግተውብን ቆምን። በቃ፣ አለቀ አልኩ።

«ናሆምን ዘለልከው» አለች።

እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። መፍቻው ገጽ ሁለት ላይ ይህን «ሽሽት» ይለዋል። እህቴን ማለቴ ነው። እኔማ እጄ ተይዞ ነው እንጂ ቀድሜያት ነበር።

«ናሆም ሞቷል» አልኳት።

ሁለት ቃል። ሁለቱም አራቱ ገጽ ውስጥ የሉም።

መሬቱን በጣቷ ጫረች። ስንመለስ ቤት አናገኘውም? አለች። አናገኘውም አልኩ። ጭኔ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ፊቴን አየችው፤ ብዙ አየችው። አዋሽ ይሞቃል፤ ሰው ያልበዋል።

ከሰዓት በኋላ ሳሙና ልንገዛ ወጣን። ባለሱቁ ሰይድ ወሎዬ ነው፤ ሰላም ሊላት ጎንበስ አለ። እሷ ግን ዳጉዋን ጀመረች። ሚሌ መኪና ተገልብጧል። አዳይቱ ዘንቧል። ገዋኔ ግመሎች መንገድ ዘግተዋል። ወንድሜ ናሆም ሞቷል። አባቢ አልቅሷል።

ሰይድ ኢና ሊላህ ብሎ አንገቱን ደፋ። አላህ ያጽናህ አለኝ። አሜን አልኩ። ዝም ብል ይሻል ነበር፤ ግን መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ስህተት አያሳልፍም። የመጨረሻውን እኔ አልነገርኳትም አልኩት።

ማህሌት ቀና ብላ አየችኝ።

«እሱን አልሰማሁትም» አለች። «ያየሁት ነው።»