የአያ ባየልኝ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር

በየከተማው አንድ የበሽታ ባላባት አይጠፋም። እናንተ ራሳችሁን ሲያማችሁ እሱን አንጎሉን ያመዋል፤ እናንተ ስታስሉ የእሱ ሳንባ ሊወጣ ደርሷል። የእኛ ከተማ፣ የኮኪት ባላባት ጎረቤቴ፣ ክቡርነታቸው አያ ባየልኝ ናቸው።

«ይቺማ ምናላት!» የምትል ቃል አለቻቸው። ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ «ይቺማ ምናላት!» ከትራክተር ወድቄ ክንዴ ሲሰበር፣ «ይቺማ ምናላት!» ካላዛር ይዞኝ፣ ጣፊያዬ አብጦ ሆዴ ከበሮ አክሎ፣ ጎንደር አንድ ወር ተኝቻለሁ። ሞቼ ነው የተመለስሁ! ግን ቆላ ውስጥ ካላዛር ለማን ብርቅ ነው? የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቴ ባየሽ እና «አካፋህን የት ነው ያስቀመጥኸው?» ሊሉ የመጡት አያ ባየልኝ።

አምና እሳቸው አንገታቸውን ቆረጠማቸውና ጎንደር አንድ የግል ክሊኒክ ገቡ። ቁርጥማቱ ምንም አልነበረም። አልትራሳውንዱ ግን ያልተላከበትን ይዞ ተመለሰ፤ እንቅርት በሚወጣባት ዕጢ ውስጥ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር እብጠት። በመርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ካንሰር ሆነ።

ካንሰር! እኛ ሁላችን በወባ ተሰልፈን እሳቸው ብቻቸውን ካንሰር! ሦስት የሰሊጥ ፍሬ መዳፋቸው ላይ በቁመት ደርድረው «ይቺን ታህላለች» ሲሉ ጠያቂው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። ማር መጣ፤ ብርቱካን መጣ፤ ነጋዴው ኸሊል እንኳ ከድንበር ማዶ አንድ ካርቶን ተምር ይዞ መጣ። ለእኔ ጣፊያ ማን ተምር አመጣ?

ምክሩም ጎረፈ። «ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስቆርጧት!» እኛ የሰሊጥ ሰዎች ነን። ቅጠሉ ቢጫ ማለት ሲጀምር ካላጨዱት ነፋስ ፍሬውን መሬት ላይ አራግፎ ባዶ አገዳ ያስታቅፋል። መጠበቅን ከስንፍና ለይተን አናውቅም። አያ ባየልኝ ግን አንድ ስፔሻሊስት ዘንድ ሄደው ተማከሩና «አላስቆርጥም፤ በየስድስት ወሩ እየተለካች ትጠበቃለች» ብለው አረፉ። ካንሰር ይዘው ትራክተር ይነዳሉ! ክብራቸው እጥፍ ሆነ።

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልሁም። ጤነኛ አንገቴን ይዤ ያው ክሊኒክ ገባሁ።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ምንም። ብቻ በደንብ ፈልጉ።»

ፈለጉ፤ ተገኘ። አራት ሚሊ ሜትር! መጀመሪያ የመጣልኝን ሐሳብ ልናዘዝ፤ «ከእሳቸው ታንሳለች!» ሁለተኛው ሐሳብ «ካንሰር ብትሆንስ?» ሆነ። እንደ ሰሊጥ ሰው ሳልውል ሳላድር የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ያዝሁ፤ ለማክሰኞ።

እሑድ አያ ባየልኝ መጡ። «ይቺማ ምናላት!» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ክንዴን ይዘው ወደ ማሽላቸው ዳር ወሰዱኝ።

«አዱኛ፣ ሰሊጥ ሲደርስ ምን ያስሮጠናል?»

«ስለሚረግፍ ነዋ።»

«ማሽላስ?»

«እሱማ ቆሞ ይጠብቃል። ከወፍ መጠበቅ ነው።»

«እኔም ስፔሻሊስቱን የጠየቅሁት ይኸንኑ ነው። ሰሊጥ የሆነ ካንሰር አለ፤ እሱን ፈጥነህ ማጨድ ነው። የእኔዋ ማሽላ ናት፤ ስንቱ ሰው ተሸክሟት ሳያውቃት በእርጅና ይሞታል አለኝ። ላስቆርጣት ብልም ምርጫው የእኔ ነው፤ ግን ቀዶ ጥገናው ድምፄን ይነካብኝ ይሆናል፣ ዕድሜ ልኬን ኪኒን ያስውጠኝ ይሆናል። መዝኜ መረጥሁ። አንተስ ማንን ጠይቀህ መረጥህ?»

ቅናቴን ነበር የጠየቅሁት። እንዴት ተብሎ ይነገራል?

«ማንንም» አልሁ።

«ወንድሜ፣ በሬ ስትገዛ እንኳ ሦስት ሰው ታማክራለህ!»

በማግስቱ የእሳቸውም መለኪያ ቀን ነበርና አብረን ወደ ጎንደር፣ ወደዚያው ስፔሻሊስት ተሳፈርን። መስኮቱን እሳቸው ያዙ፤ እንደ ታላቅ በሽተኛነታቸው። ነጋዴ ባሕር ከተማን ስናልፍ ግን እጅጌዬ ሲጎተት ተሰማኝ። ባላባቱ ጨምድደው ይዘውታል። ዐይናቸው ወደ ውጭ ነው። እኔም እንዳላየ ሆንሁ።

ስፔሻሊስቱ የእኔን አይቶ ሳቀ። «ይቺ በመልኳም አታስፈራ፤ መርፌም አያሻት። እንዲህ ያለች በስንቱ አንገት አለች መሰለህ! ቀጠሮህን ሰርዝና እርሻህ ግባ። ተመልሰህም አትምጣ።» የበሽታ ስም እንኳ ነፈጋት! ደስታዬ ወደ ጣሪያ ሊያዘልለኝ ሲል ቅናቴ እግሬን ያዘኝ።

አያ ባየልኝ ወጡ። «ዘጠኝ! ንቅንቅ አላለችም! ከስድስት ወር በኋላ ተብያለሁ። አንተሳ?»

«እኔም በየስድስት ወሩ» አልሁ።

«ይቺማ ምናላት! አብረን እንመላለሳለን!» አሉና፣ መኪናው አዘዞን ሳይለቅ ትከሻዬ ላይ አንቀላፉ።

ባየሽ ውሸቴን ስትሰማ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። «ነጻ ነህ ተብለህ? በቅናት አበድህ እንዴ?»

«መስኮቱን ብቻቸውን ሊይዙት ነው?» አልኋት።

ያልነገርኋት አለ። ያኔ በካላዛር ስማቅቅ አያ ባየልኝ ግማሽ ቀን ተጉዘው መጥተው የጠየቁኝ አካፋ፣ ድኜ ስመለስ የት ተገኘ? እሳቸው ግቢ፣ በራቸው ላይ ተደግፎ። ገና ሳልታመም፣ ከክረምት ጀምሮ ተውሰውት ኖሯል።