አቮካዶው እስኪደርስ

ግድየለሽ ሰው ሲሳሳት ባንድ አፍታ ነው፤ ጥንቁቅ ሰው ግን ተጠንቅቆ ነው የሚሳሳተው። መነጽሩን ያደርጋል፣ ሁለት ጊዜ ያስባል፣ ከዚያ ያበላሻል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ከጓሮዬ ነው ያገኘሁት።

የምኖረው ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ነው። በእጄ ከተከልኩት ዛፍ ሳልበላ አልሞትም የሚል ሐሳብ የያዘኝ በዚህ ዕድሜዬ ነው። ዕድሜህ ስንት ነው? ካላችሁ፣ ተዉት፤ ለሐኪሙም እንዲሁ ነው የምመልስለት። ልጄ የሰጠችኝን ስልክ ስነካካ በቴሌግራም ችግኝ የሚሸጥ አንድ የአዲስ አበባ ሰው አገኘሁ። የተዳቀለ አቮካዶ በሦስት ዓመት ያፈራል ይላል። ከዘር የሚበቅለው እኮ ሰባትም ስምንትም ዓመት ያስጠብቃል። ሦስት ዓመት! በጣቴ ቆጠርኩ፤ የደም ግፊቴንም አሰብኩበት። ያደርሰኛል።

ከማዘዜ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ጠየቅኩት። ሥሩ ጤነኛ ነው ወይ? አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ምን ይጫናል? ሰውየው ትዕግሥተኛ ነው፤ "አባት፣ አይስጉ" እያለ መለሰልኝ። ስጋት በትእዛዝ ይቆማል እንዴ?

ጎረቤቴ ኦቦ ተሬሳ፣ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፣ ይህን ሲሰማ "ያ ዋቅ!" ብሎ አምላኩን ጠርቶ፣ አጥሩን ተደግፎ ሳቀብኝ። ወለጋ ቁጭ ብሎ አቮካዶ ከፊንፊኔ የሚያስመጣ ሰው ነገ ዝናብም ከዚያው ያዛል አለ። በእኛ ዕድሜ የሚተከለው ለልጅ ልጅ ነው ብሎም ጨመረበት። የልጅ ልጆቼ ከገበያ ይግዙ፤ ይሄ የእኔ ነው አልኩት።

ችግኙ ሲመጣ መንገድ ተዘጋና ሲሬ ከተማ ላይ ሁለት ቀን ሰነበተ። ሲደርስ አናቱ ጠውልጓል፤ ግንዱ ላይም እንደ ቁስለኛ ላስቲክ ተጠምጥሞበታል። ተከልኩት፣ አጠርኩት፣ ጥላ ሠራሁለት። ባለቤቴ በለጡ፣ እኔን እንዲህ ጠዋት ማታ እየመጣህ እንዴት ነሽ ብለኸኝ ታውቃለህ ወይ ብላ ታዘበችኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ከላስቲኩ በታች አንድ ለምለም ቀንበጥ ብቅ አለ። ላይኛው ግን እንደጠወለገ ነው። ሰው ለሚሞተው ያደላል ወይስ ለሚኖረው? ኦቦ ተሬሳ በአጥሩ በኩል፣ "ተው ያ ሚቹ ኮ፣ ተው ወዳጄ፣ መጀመሪያ ሻጩን ጠይቀው" ብሎኝ ነበር። ያን ሁሉ ነገር የጠየቅኩ ሰው ይህችን አንዷን ለመጠየቅ አፈርኩ። ቢላዋዬን ስዬ፣ በአረቄ ወልውዬ፣ የጠወለገውን ከነላስቲኩ ቆርጬ ጣልኩት።

ቀንበጡ ተመነደገ። እኔም በኩራት ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት። መልሱ ቆየ። ከቆየም በኋላ እንዲህ የሚል መጣ፦ "አባት፣ ቆርጠው የጣሉት እኮ የገዙትን ነው። የቀረው እሱ የተዳቀለበት፣ እንዲሸከመው ብቻ ከዘር የበቀለው ግንድ ነው። ምናልባት በስምንት ዓመት ያፈራ ይሆናል። ሌላ ልላክልዎ?"

ስምንት ዓመት! ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ኦቦ ተሬሳ ነቅለህ ሌላ ትከል ብሎ መከረኝ። በለጡ ደግሞ ምጥን አድርጋ፣ "እኔ ራሴን ያዘጋጀሁት ለሦስት ዓመት ነበር" አለች።

ችግኙን አየሁት። ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል፤ ምን በደለ? ያኖርኩት እኔ፣ የፈረድኩለት እኔ። አሥር ዓመት ሙሉ "ለመጪው መስቀል እንኳ አልደርስም" ስል የኖርኩ ሰው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨው ተውኩ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ መዋጥ ያዝኩ፣ ሐኪሙ ለምኖ ለምኖ የተወውን የጠዋት እርምጃም ጀመርኩ። ደርሼ እበላለሁ፤ አለቀ።

ለሻጩም ሌላ አልፈልግም፣ ይህንኑ እጠብቃለሁ ብዬ ጻፍኩለት። እሺ አባት፣ ሲያፈራ ፎቶ መላክ እንዳይረሱ አለኝ። የእኔስ ነገር ተወስኗል፤ ያሰጋኝ የእሱ እስከዚያ መድረስ ነው። አዲስ አበባ መኪናው ብዙ ነው ይባላል።

"አልረሳም" አልኩት፤ "ብቻ አንተ ልጄ፣ አደራህን፣ መንገድ ስትሻገር ግራና ቀኝ እያየህ።"