የተኩሱን ድምፅ ዘጋሁት፣ የራሴን ረሳሁት

ወገኖቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ገዳሪፍ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የልቤን ምስጢር ያውቃል። ሁሉም!

ፉል ሻጩ ያውቃል። ረክሻ የምንላትን ባጃጅ የሚነዱት ያውቃሉ። የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ አህያቸውን አቁመው «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

አህያው ራሱ እንደሚያውቅ እጠረጥራለሁ።

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። ቁጭ በሉማ።

ለማታውቁኝ፣ አንተነህ እባላለሁ። እናትና አባቴ ከጎንደር፣ እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ገበያው አጠገብ ጌም ቤት አለኝ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ትልቅ ስክሪን፣ እግራቸው የሚወላገድ የፕላስቲክ ወንበሮች። እዚህ ፔጅ ላይ ግን ስሜ አንተነህ አይደለም።

ነብሮ ነው።

አዎ፣ ራሴ ነኝ ያወጣሁት። ምን ይጠበስ!

ታስታውሱ እንደሆነ ሰሞኑን ሌላ ወሬ አልነበረኝም። አዲሱ ኮንሶል መጣ! አዲሱ የተኩስ ጌም መጣ! ከዓለም ዙሪያ ሰው ኦንላይን ገብቶ የሚታኮስበት፣ ለሰፈራችን የመጀመሪያው፣ በነብሮ ቤት!

ኮንሶሉ ከፖርት ሱዳን የመጣው በሎሪ ነው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል። ካርቶኑን ስከፍት እንባዬ መጣ። ግማሹ ደስታ ነበር።

ጌሙ በኛ ኔት እስኪወርድ ድረስ ደግሞ እንደ በሽተኛ አጠገቡ ተኝቼ አስታመምሁት። አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ይወድቃል። ስለት ሁሉ ተስያለሁ።

ከዚያ «የመጀመሪያውን ጨዋታ ነብሮ ራሱ ይጫወታል፤ ኑና ጀግና እዩ!» ብዬ ፖስት አደረግሁ። እናንተም ላይክ አደረጋችሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የጋራ ነው።

አንድ ያልነገርኋችሁ ነገር ነበር።

የተኩስ ጌም ተጫውቼ አላውቅም! እኔ የኳስ ሰው ነኝ። ጠመንጃ በስክሪን ሲያነጣጥርብኝ እንኳ ጎንበስ እላለሁ።

ዕቅድ ግን ነበረኝ። የአክስቴ ልጅ ደሴ ከድንበሩ ማዶ መተማ ነው ያለው። ይሄን ጌም ጓደኛው ቤት ሲጫወት ከርሞ ሰልጥኗል። እሱ ከዚያ ኦንላይን ይገባል፣ አንድ ቡድን እንሆናለን፣ በሄድፎኔ እያንሾካሾከ ይመራኛል። እሱ ይተኩሳል፣ እኔ እከበራለሁ።

ምን ይወጣለታል?

ይህ ሁሉ ለማን ነው ትሉኝ ይሆናል። ለሳምራዊት ነዋ!

ሳምራዊት ከጌም ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። እሷም እንደኔ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ በአማርኛ ጀምራ በአረብኛ ትጨርሳለች። እሷን ለማየት ስል ሳያመኝ የራስ ምታት ክኒን ስገዛ ኖሬ፣ ቤቴ ቢፈተሽ በሕገ ወጥ ፋርማሲ ያስከስሰኛል። ግን አንድ ቀን እንኳ ከ«ክኒን አለ?» ያለፈ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አባቷ ደግሞ ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ከፋሽጋ ሰሊጥ የሚያመላልሱ የሎሪ ሹፌር። መዳፋቸው የሎሪ ጎማ ነው። የቀረውን እናንተው ገምቱት።

እንግዲህ ለዛሬው ዝግጅት ከሰርግ ዲጄ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ተውሼ ደጃፌ ላይ ተከልሁ። ስፒከሮቹ የሚታዘዙባት አንዲት ሣጥን ሁለት ማዞሪያ አላት። አንዱ የጌሙን ድምፅ ወደ ውጭ ያወጣል። ሌላው የሄድፎኔን ማይክ ያወጣል፤ እንደ ሰርግ ዘፋኝ «እንኳን ደህና መጣችሁ!» ልልበት ነው።

ጠዋት ሁሉን ገጣጥሜ ስጨርስ ሐጃ ዘይነብ መጡ። ሐጃ ከካርቱም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሸሽተው የመጡ ጎረቤቴ ናቸው። በሬ ላይ የለጠፍሁትን፣ ጠመንጃ የደገነ ሰውዬ ሥዕል፣ ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጮሃል?» አሉኝ በአረብኛ።

«እንዴታ ሐጃ! ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል!» አልሁ በኩራት።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆቹ ይህን ድምፅ ሸሽተው ነው የመጡት» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ልመና ነበር።

አፈርሁ፣ እውነቴን ነው። ሰው ከጥይት አምልጦ መጥቶ እፎይ ሲል፣ እኔ በሰርግ ስፒከር ጥይት ልጋብዘው? እንዴት ነው ያላሰብሁት?

«ዓላ ራሲ፣ በራሴ ይሁንብኝ ሐጃ! አንዲት ጥይት ውጭ አትሰማም» ብዬ እዚያው ፊታቸው ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ቀኑን ሙሉ በደግነቴ ደረቴን ነፍቼ ዋልሁ።

አንዱን ማዞሪያ ነበር የዘጋሁት። አንዱን ብቻ!

ወደ አመሻሹ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤቴ ጢም አለ። ውስጥ ቦታ ያጣው ሰው ውጭ ሻይ ሻጯ ጥላ ሥር ተደረደረ። በበሩ አሻግሬ ሳይ ሳምራዊት ከፋርማሲው ወጥታ ቆማለች። ከጎኗ ጋሽ ሀብቴ፣ የሻይ ብርጭቆዋ መዳፋቸው ውስጥ ጠፍታ።

ሄድፎኔን አጠለቅሁ። ይሄ ሄድፎን አንዴ ጆሮ ላይ ከተገጠመ መብረቅ ቢወድቅ አያሰማም።

ጨዋታው ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ የፈራረሰ ከተማ መሀል ቆሜያለሁ፣ ከኔ የሚበልጥ ጠመንጃ ይዤ። ቤት ውስጥ ያለው ሰው እንዳይሰማኝ አፌን በእጄ ሸፈንሁና በቀስታ፣ «ደሴ፣ መተኮሻው የትኛው ነው?» አልሁ።

ዞር ስል የሰዉ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ወንበር ይዞ ወደቀ።

በጀግንነቴ የተደሰቱ መሰለኝ!

«በቀኝ ያለው ነው» አለኝ ደሴ በጆሮዬ።

«ተጫንሁት እኮ! ኧረ ቦምቡን ነው መሰለኝ እግሬ ሥር የጣልሁት! በማርያም ደብቀኝ!»

«ኧረ ተረጋጋ፣ ምን ሆነሃል?»

«ሳምራዊት በር ላይ ቆማለች! ፊቷ እንዳልዋረድ!» አልሁ፣ አሁንም በሹክሹክታ። «እወዳታለሁ እኮ ደሴ። ያን ሁሉ ክኒን የገዛሁት አሞኝ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አትነግራትም?»

«አባቷን እፈራለኋ! ሲያስነጥሱ ራሱ ሎሪ የተነሳ ነው የሚመስለው!»

እናንተ ገብቷችኋል አይደል? እኔ ግን አልገባኝም ነበር! ቤት ውስጥ ለመደበቅ የማንሾካሽካት እያንዳንዷ ቃል በሁለት የሰርግ ስፒከር እስከ እህል በረንዳው ድረስ ትሰማ ነበር።

ይህ ገና መጀመሪያው ነው።

ጠላት መጣ። ሦስት ሆነው! ሮጬ አንድ ቤት ገባሁ፤ ሽንት ቤት ሆኖ ተገኘ። ሹክሹክታውንም ረሳሁት። «ሽንት ቤት ነኝ! ደሴ ድረስልኝ! በሩን ሰበሩት! አትግደሉኝ! ኧረ ሚስት እንኳ አላገባሁም! እማ! እማዬ!»

አሁን ወደ ኋላኛው መንገድ ልውሰዳችሁ። እዚያ ያለ ሰው ስክሪኑን አያይም። የጥይቱን ድምፅ በደግነቴ ዘግቼዋለሁ። ስለዚህ ጨዋታ መሆኑን የሚነግረው አንዳች ነገር የለም። የሚሰማው የሰው ልጅ ሽንት ቤት ውስጥ ሊታረድ ሲል ብቻ ነው።

የኋላ በሩ ብርግድ አለ።

ሐጃ ዘይነብ! የገንፎ ማማሰያ እንጨት ይዘው፣ ትኩስ ገንፎው እንጨቱ ላይ እንዳለ! ከኋላቸው ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁለት ረክሻ ነጂዎች፣ ሁሉም ዱላ ይዘው።

«ወይኖ? የታለ ሌባው?»

እኔ ምኑንም አልሰማሁ። ሐጃ ስክሪኑ ላይ ጠመንጃ ይዞ በኔ ላይ የቆመውን ሰውዬ አዩት። ማማሰያውን ቃጡበት። ከዚያ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ጎንበስ ብለው የኮንሶሉን ሶኬት መንጭቀው ነቀሉት። ዓለም ጨለመ።

ሄድፎኑን አንገቴ ላይ አወረድሁ። ሐጃ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ ያያሉ። «የት ጋ መታህ? ደም አለ?»

«ሐጃ... ጌም ነው።»

«ምንድን ነው?»

«ጨዋታ።»

እጃቸውን አነሱ። «ለጨዋታ ነው እናትህን የጠራኸው?»

አሁን ሳቁ ተሰማኝ። ከውስጥም ከውጭም። ሌላም ነገር ተሰማኝ፤ «ጨዋታ እኮ ነው» ስል የገዛ ድምፄ ከውጭ «ጨዋታ እኮ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ግራ ተጋብቼ ሳለሁ ሳምራዊት ከመንገዱ ማዶ ጮኸች።

«ያ አንተነህ! ማይኩ ፋቲሕ ነው፣ ክፍት ነው ዋላሂ! ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም ተሰምቷል!»

ሁሉም።

«ክኒኑም?» አልሁ፣ አሁንም በማይኩ!

«ክኒኑም!» አለ መንገዱ በአንድ ድምፅ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። ማይክ ሲከፈት ደግሞ ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት ሁሉ ይታያል!

ሳቁ ድንገት ቀጥ አለ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀ። ጋሽ ሀብቴ ገቡ። ወንበሬ ውስጥ ልቀልጥ ትንሽ ቀረኝ።

«የቱ ሎሪ ነው?» አሉኝ።

«እ?»

«ሳስነጥስ የምመስለው። አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ?»

«አዲሱ ጋሼ! ድምፁ የሚያምረው!»

ጺማቸው ሥር አንድ ነገር የተንቀሳቀሰ መሰለኝ፤ ፈገግታ ይሁን ሌላ አላውቅም። «ስማ» አሉኝ፣ «በሰው አገር ብንኖርም ወጋችንን አልጣልነውም። የሰው ልጅ በስፒከር አይጠየቅም። ሽማግሌ የለህም?»

ብለው ወጡ። እሺ ማለታቸው ነው ወይስ ስድብ ነው? እስካሁን እያሰብሁበት ነው።

ሳምራዊት ሻርፗን አፏ ላይ ጭና ወደ ፋርማሲው ገባች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ትንሽ ቆይታ በሻይ ሻጯ እጅ የራስ ምታት ክኒን ላከችልኝ። «አሁን የምር ያምሃል ብዬ ነው» ብላለች አሉ።

በነጻ ነው የላከችው! ይሄ ምልክት አይደለም?

ማይኩን ልዘጋ ስነሳ ደግሞ ውጭ ያለው ሰው ተንጫጫ። «አትዝጋው! ክፈተው!» ጌሙን ማንም አልፈለገውም፤ የፈለጉት ጩኸቱን ነበር! ሶኬቱን መልሰን፣ ጥይቱን ዘግተን፣ ማይኩን ከፍተን፣ ሰዉ በየተራ ሄድፎን እያጠለቀ ሲሸበር መንገዱ እንደ ሬዲዮ ያዳምጥ ጀመር።

በስተመጨረሻ ሐጃ ዘይነብ «እስቲ አምጣው» አሉ። መቆጣጠሪያውን ገልብጠው ያዙት። አንድ ጠላት ሲያዩ አልተኮሱም። «አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ! በልተሃል?» አሉት።

ጌሙ የቅርብ ሰው ድምፅ ለጠላትም ያሰማል መሰለኝ፣ ያ የየት አገር ሰው እንደሆነ የማናውቀው ጠላት ቆመ። ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ዙሪያቸውን ዞረ። ሌላው ከኋላ መጥቶ ባይተኩስባቸው ኖሮ ይታረቁ ነበር!

«ሰላም ብዬህ ትተኩሳለህ? እናት የለህም?» ብለው በሁለት የሰርግ ስፒከር ገሠጹት። የልጅ ልጆቻቸው በሩ ላይ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። ሐጃ ዞረው አዩዋቸውና «ነገም ክፈተው» አሉኝ።

በነገራችን ላይ ጌሙ ውስጥ እሳቸው ከኔ የበለጠ በሕይወት ቆይተዋል።

አሁን በሬን ዘግቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ደሴ ደውሎ «የት ጠፋህ? አሸንፈን እኮ ነበር!» አለኝ። እናቴም ከወዲያኛው ሰፈር ደወለች። «ልጄ፣ ጠርተኸኝ ነበር አሉ። ምን ፈለግህ?»

ምን ልበላት?

ያም ሆነ ይህ ሽማግሌ መላክ አለብኝ። ለደብራችን መሪጌታ ደወልሁ፤ ገና «ጉዳዬ» ስል መሳቅ ጀመሩ። ቁረይሻ እርሻ ላይ ላሉት አጎቴ ደወልሁ፤ ሰው በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮዬ ከኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ ሠራተኛው ሁሉ ማሽላውን ትቶ እያየው ነው። ገላባት ያሉት የአባቴ ጓደኛ «ሃሎ» እንኳ ማለት አልቻሉም፤ ስልኩን አነሱና ሳቃቸውን ብቻ አሰምተውኝ ዘጉት።

እና ልጠይቃችሁ፤ ከዘመዶቻችሁ መሀል ስልክ የማይነካ፣ ጺም ያለው፣ ጋሽ ሀብቴ ፊት ተቀምጦ ስሜን ሲጠራ ሳይስቅ መጨረስ የሚችል ሽማግሌ አለ?

ወይስ እነሱ ይሳቁ፣ እኔ ልዳር?