ኦቦ ገመቹ አንጎል ሲያስተምሩ

መምህር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንጎል በጠመኔ ሲሳል ዳቦ ነው። ሰዓሊው እኔ ከሆንኩማ ግማሹ የተገመጠ ዳቦ። ሰበታ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ስንት ዓመት ሙሉ ዳቦ ስዬ ኖሬያለሁ፤ አንድም ተማሪ ቅር ብሎት አያውቅም።

አምና ግን ሱፐርቫይዘር ሊገመግሙኝ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ያለፈው ግምገማዬ «መርጃ መሣሪያ አይጠቀምም» የሚል ነበር፤ ያው ነገር ከተደገመ የደረጃ እድገቴን ልሰናበት ነው። ስለዚህ የሰፈራችንን ባለ ልኳንዳ፣ ኦቦ ገመቹን፣ የበግ አንጎል እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ለምን ሲሉኝ፣ ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኝ የነርቭ ድልድይ አለ፣ እሱን ላሳይ ነው አልኳቸው። እሺ አሉኝ።

በዕለቱ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ወንበር ማስታወሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኦቦ ገመቹ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው «አካም ቡልተን» እያሉ ገቡ፤ አንጎሉን ሰጥተውኝ ሊወጡ ሲሉ ተማሪዎቹ ቦታ ለቀቁላቸውና ተቀመጡ። እኔ ቢላዬን አነሳሁና በሙሉ ልብ ቆረጥኩ። በአግድም። ድልድዩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ላብ ሲያጠምቀኝ ኦቦ ገመቹ ተነሱ። ለመጠባበቂያ የያዙትን ሌላ አንጎል አወጡና በሁለት አውራ ጣታቸው ከላይ ቀስ አድርገው ገለጥ አደረጉት። ነጩ ድልድይ ከሥር ብቅ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያዩት ኖረዋል ለካ።

እኔም ክብሬን ላድን ወደ ዝግመተ ለውጥ ዘለልኩ። ከጦጣ እስከ ሰው አንጎል እየተለቀ ሲሄድ ድልድዩም አድጓል፣ በአንጎሉ ልክ ግን አላደገም አልኩ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ታዲያ ሁለቱ ወገኖች እንዴት ይሠራሉ ብላ ጠየቀች። «ሂደቱ ውስብስብ ነው» አልኳት። መምህር ሲጨንቀው የሚለው ይህንኑ ነው።

ኦቦ ገመቹ ግን አልጨነቃቸውም። «ሰበታ ትንሽ ሳለች» አሏት፣ «ሥጋ የፈለገ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። ከተማው ሲሰፋ መንገድም ተጨመረ፤ በቤቱ ብዛት ልክ ግን አይደለም። ማዶ መሻገር ሲያታክት በየሰፈሩ ሥጋ ቤት ተከፈተ። ትልቅ አንጎልም ብዙውን ሥራ እዚያው ሰፈሩ ይጨርሳል ማለት ነዋ።»

መጽሐፉን ገለጥኩ። አራት ገጽ ሙሉ የሚለው ያንኑ ነበር።

የግምገማው ውጤት ሲመጣ «የአካባቢ ባለሙያን በማሳተፍ፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። እድገቱን አገኘሁ። አሁን ተማሪዎቼ ስለ ልብ የምንማረው መቼ ነው ሲሉኝ፣ ቀኑን ሳይሆን አስተማሪውን እየጠየቁኝ መሆኑ ይገባኛል።