ግንበኛው ያላመኑት ፎቅ

ፎቅ የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከፍታውን ማለቴ አይደለም፤ ከፍታማ ማንም ይፈራል። እኔ የማወራችሁ ግድግዳውን ስለፈሩ ሰው ነው።

በዘጠናዎቹ ቶሮንቶ መሃል፣ ያንግ መንገድ ላይ ባለ አሮጌ ፎቅ በር ላይ ሴኩሪቲ ነበርኩ። ፎቁ ከተማዋ ውስጥ በብረት አጽም ከቆሙት ከመጀመሪያዎቹ ረጃጅም ሕንጻዎች አንዱ ነው። ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ አጠር፣ ወፈር ብሎ እንዲታይ ተደርጎ ነው የተሠራው ይባላል። ዛሬ በመስታወት ፎቆች መሃል እውነትም አጭር ሆኗል። የሚደነግጥለትም የለ።

አንድ ጠዋት ጋሼ አሰፋ ከፓርክዴል ሰፈር በስትሪትካር፣ በከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር፣ መጡ። አዲስ አበባ ዕድሜ ልካቸውን በድንጋይ ሲገነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ለዓመታት አዲስ አበባ ቀርተው የኖሩትን ባለቤታቸውን ስፖንሰር አድርገው ለማምጣት ላይኛው ፎቅ ካለው ጠበቃ ጋር ቀጠሮ ነበራቸው። ቀጠሮው ካመለጠ ሌላ ለማግኘት ወራት ይፈጃል።

በዚያ ሰሞን ፎቁ እየታደሰ ስለነበር በሩ አጠገብ ድንጋዩ ተነቅሎ የብረቱ ምሰሶ ይታያል። ጋሼ ቆመው የድንጋዩን ውፍረት በስንዝራቸው ለኩ።

«ይሄ ድንጋይ ምን ተሸክሟል?» አሉኝ።

«ምንም። የሚሸከመው ብረቱ ነው። ድንጋዩን ልብስ በሉት።»

«እኔ ልብስ ላይ አልወጣም» ብለው ሎቢው ውስጥ ቁጭ አሉ።

ለመንኳቸው። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ቆሟል አልኩ። ብረት ከድንጋይ ይበረታል አልኩ፣ ስለ ብረት የማውቅ ይመስል። ምን ቢባሉ! ጠበቃው ራሱ ይውረድ አሉ። ኮል አደረግኩለት። መውረድ አልችልም፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ከአዲስ አበባ መስመር ላይ ናቸው፣ ሊያነጋግሯቸው ይፈልጋሉ አለኝ።

ይህንኑ ነግሬያቸው ሳልጨርስ ጋሼ ኤለቬተሩ ውስጥ ገብተው «የቱን ልጫን?» ይላሉ።

ከቆይታ በኋላ የደረጃው በር ተከፈተ። ጋሼ ላብ በላብ ሆነው፣ ፊታቸው ግን በርቶ ብቅ አሉ።

«ምነው በኤለቬተሩ አይወርዱም ነበር?» አልኳቸው።

«ስወጣ አልማዝ ጠርታኝ ነው። ስወርድ ማን ጠርቶኝ ገመድ ላይ ልንጠልጠል?»

ፍቅር ፍርሃትን አሸነፈ እያልኩ ይህን ለስንቱ አወራሁ መሰላችሁ። የወይዘሮ አልማዝ ጉዳይ ተሳክቶ መጡና ፎቁን ልይ ሲሉ ግን ላይ ድረስ ወስጄ ያስጎበኘኋቸው እኔ ነኝ። ጋሼ መንገዱን ተሻግረው፣ ፎቁ ቢወድቅ የማይደርስበትን ቦታ መርጠው ይጠብቁን ነበር።