ሞለኪውል ያሰለፈው ጣት

ሳይንስ ታላቅ ነው። ቤተ ሙከራ በሞላባት በሺንቹ ከተማ ደግሞ ከታላቅነቱ ብዛት አናቱ ላይ ቺፕስ ይቀመጥለታል። አረንጓዴ የኮኮናት ቺፕስ ከረጢት ያልተጫነበት ማሽን እንደሚያኮርፍ እዚያ ሕፃንም ያውቃል። ቢጫው ከረጢት አይሆንም፤ ቀኑ ያለፈበትም አይሆንም። መብላትማ አይታሰብም!

የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ የፔይሹዋን እንጀራ በአንድ ሰልፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐሙስ ሚኒስትሩ ሲመጡ ሞለኪውሎች በሲሊከን ላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈው ካልታዩ ውሏ አይታደስም።

ንጹሕ የሲሊከን ገጽ እልፍ እጁን ዘርግቶ የቆመ ቸር ፍጥረት ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ይጨብጣል። ፔይሹዋንም ሦስት ወር ሙሉ አጠበችው፣ በእሳት አጋለችው፣ ሞለኪውል ረጨችበት። ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ገበያ ፍየል ተበታትነው ቁጭ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ ይኼኛው ድር እንኳን አንበሳ ሊያስር ወረፋ መያዝም አቃተው።

ረቡዕ የቤተ ሙከራው ዳይሬክተር ሊያው ገቡና ጥፍር የምታክለውን የሲሊከን ስባሪ በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጓት።

«ኧረ ጓንት፣ ክቡር ዳይሬክተር!»

«ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሳይንስን የነካሁት በእጄ ነው።»

«ጣትዎ ያብለጨልጫል እኮ።»

«ላብ ነው።»

«ላብ ኮኮናት ኮኮናት ይሸታል እንዴ?»

ዳይሬክተሩ ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ። ፔይሹዋን ከማሽኑ አናት ላይ ከረጢቱን አወረደች። ከሥሩ ተቀዶ፣ በጋዜጣ ተሞልቶ፣ በፕላስተር ተለጥፏል።

«ቁርስ አልበላሁም ነበር» አሉ ዳይሬክተሩ። «ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ።»

ሌላ ስባሪም፣ ዳግም የማጠቢያ ጊዜም አልነበረምና ያችው ማሽኑ ውስጥ ገባች። ሐሙስ ሚኒስትሩ በማይክሮስኮፑ ሲያዩ፣ ሞለኪውሎቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እንደ ክብር ዘብ ቆመዋል! አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ምን የሚባል ሞለኪውል ነው?»

«የሊያው ሞለኪውል» አሉ ዳይሬክተሩ ደረታቸውን ነፍተው።

ፔይሹዋንን አላስቻላትም። «የቺፕስ ቅባት ነው፣ ክቡር ሚኒስትር። ከእሳቸው ጣት የተረፈ።»

ሚኒስትሩ አገጫቸውን አሹ።

«ይደገማል?»

«ቺፕስ እስካለ ድረስ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እንግዲያው ሳይንስ ነው!»

ሰኞ ለፔይሹዋን ደብዳቤ ደረሳት። ላለፉት ሦስት ወራት ከመጠን በላይ ንጹሕ ሆና በመገኘቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ውሏ ለአምስት ዓመት ታድሷል። ኮኮናት ገና ሲሸታት የሚያቅለሸልሻት ይህች ሴት፣ በየጠዋቱ አንድ ከረጢት በልታ ሲሊከኑን የምትዳስስ ዋና የጣት ባለሙያ ሆና ተሹማለች። ከማኅተሙ ሥር ማሳሰቢያ አለ፦

«የማሽኑን ከረጢት መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቺፕስዎን ከቤትዎ ይዘው ይምጡ።»