ካርታው የማን ነው?

ከቋንቋችን ቃላት ሁሉ እንደ «ካርታ» የሚያምታታ ያለ አይመስለኝም። ዓለም ባንክ ሰፈር «እገሌ ካርታ አለው» ከተባለ ሰውየው የቦታና የቤት ባለቤት ነው፤ ሰላምታው ይረዝማል፣ ሠርግ ቤት ሲገባም ወንበር ይነሣለታል። «እገሌ ካርታ ይጫወታል» ከተባለ ግን ያንኑ ቤት ሊያጣ የተቃረበ ሰው ነው። እናንተ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይለየዋል» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው ሽምግልና ሄዳችሁ አታውቁም።

እኔ ሄጃለሁ። ሽምግልና ማለት ሱፍ ለብሶ የሰው ልጅ ለሰው ልጅ መለመን ነው። ስለ ሙሽራው የምታውቀውን ግማሹን ትናገራለህ፤ የማታውቀውን ግን ሙሉውን ታረጋግጣለህ። ጠባዩ፣ ቁጥብነቱ፣ እግዚአብሔርን መፍራቱ፣ ሁሉም በአንተ አፍ ላይ ነው ያለው። ኋላ ነገር ቢበላሽ ደግሞ የሚወቀሰው ያው አፍ ነው።

የእኛው ሙሽራ ናትናኤል ይባላል። ቀራንዮ አጥር ለአጥር የምንጎራበት የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። አባቱ በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌ ሆነን የተላክነው ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ደምሴ፣ አጎቱና እኔ ነበርን። አጎቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ስላልተነፈሱ እንተዋቸው። የምትጠየቀው ልጅ ሜሮን ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ አቶ ሳህሌ ዓለም ባንክ የሚኖሩ የምንጣፍና የመጋረጃ ነጋዴ ናቸው። የሚለካውን ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የሚገዛውንም ሰው በዓይናቸው የሚለኩ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት ደህና ተስተናገድን። «እናስብበት» ተባልን፤ ይህ በሽምግልና ቋንቋ ግማሽ እሺታ ነው። በቀጠሯችን ስንመለስ ግን አቶ ሳህሌ ከወንበራቸው ብድግ አላሉም።

«የላካችሁ ልጅ ቁማርተኛ ነው» አሉ።

ጋሽ ደምሴ ሳል ያዛቸው። አቶ ሳህሌ ቀጠሉ። አንድ ዘመዳቸው ዘነበወርቅ ሰፈር ካለ ጭማቂ ቤት ውስጥ እሑድ እሑድ ናትናኤል ከእኩዮቹ ጋር ካርታ ዘርግቶ ሲጫወት አይቷል፤ አንዴ ብቻም አይደለም።

«ዘመዴ መጀመሪያ ‹ልጁ ካርታ አለው› ብሎ ሲደውልልኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ በምሬት። «በዚህ ዕድሜው ቦታ ይዟል ብዬ!»

መሳቅ አማረኝ፤ ግን ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት። የአቶ ሳህሌ ታላቅ ወንድም ሱቁን ከነሸቀጡ በካርታ ጨዋታ አስረክቦ ኖሯል። አቶ ሳህሌን ንግድ ያስተማራቸው፣ ከአገር ቤት ያመጣቸው ያ ወንድማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት መቆም አቅቶት ወደ አገሩ ተመለሰና እዚያው አረፈ። «እኔ ቤት ካርታ አይገባም» አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው ያስደነገጠኝ። የተቆጣ ሰው ይለመናል፤ ያዘነን ሰው ምን ብለህ ትለምነዋለህ?

ጋሽ ደምሴ የመምህርነት ዘመናቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ተማሪው ራሱ ሳይጠየቅ አይቀጣም፤ ልጁ ይጠራ» አሉ። ሙሽራ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት መግባቱ ደንብ አይደለም። ግን ሽምግልናው ራሱ ሊፈርስ አፋፍ ላይ ስለነበር ደወልኩለት። ከቀራንዮ ታክሲ ይዞ እስኪመጣ እንጠብቃለን ስንል ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ጥጉ ላይ ካለው ኪዮስክ ቆሞ ነበር።

«ካርታ ትጫወታለህ?» አሉት አቶ ሳህሌ።

«እጫወታለሁ ጋሼ።»

አፉን ልይዘው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ልጁ ግን ረጋ ብሎ አስረዳ። የቁማሩ ካርታ አይደለም፤ ከአንድ የጃፓን የሥዕል ታሪክ የተወሰደ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ካርታ ላይ የታሪኩ ሰው ወይም አውሬ አለ፤ የራሱ ጉልበት፣ የራሱ ድክመት አለው። ተጫዋቹ ካርታዎቹን በየጊዜው እየሰበሰበ ጦሩን ያደራጅና ከሌላው ጋር ይገጥማል።

«ሲያሸንፉ ምን ይገኛል?»

«ምንም።»

«በምን ትወራረዳላችሁ?»

«አንወራረድም ጋሼ። ማሸነፍ ብቻ ነው።»

አቶ ሳህሌ ይህን ሲሰሙ የባሰ ግራ ገባቸው። ቁማር ቢሆን እንኳ የሚገባቸው ነገር አለው፤ አዋቂ ሰው እሑዱን ሙሉ ምንም ለማያተርፍበት ነገር ጎንበስ ብሎ መዋሉ ግን ለነጋዴ አእምሮ ከበደ። ቢሆንም ስሙ ያው ካርታ ነው። ስለዚህ ቁርጡን ተናገሩ፤

«ወይ ካርታውን ተው፣ ወይ ልጄን ተው።»

ቀላል ጥያቄ ነበር። «ትቻለሁ» ቢል በቃ። ጋሽ ደምሴ በዓይናቸው ለመኑት፤ እኔ በክርኔ ነካሁት። ናትናኤል መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ በልቤ «አለቀ፣ ተነሡ እንሂድ» አልኩ። እሱ ግን በመጨረሻ፣ «የኔ ያልሆነውን ነገር ትቻለሁ ልል አልችልም» አለ።

«ታዲያ ካርታው የማን ነው?»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ።

«የኔ ነው አባዬ» አለች ሜሮን።

እጇ ላይ የጫማ ካርቶን ይዛለች። ከፈተችው። እያንዳንዱ ካርታ በላስቲክ ተሸፍኖ በደንብ ተደርድሯል፦ ጎራዴ የታጠቀች ልጅ፣ እሳት የሚተፋ ወፍ፣ የድንጋይ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ። ጨዋታውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። ናትናኤልን ያገኘችውም እዚያው ጭማቂ ቤት ነው፤ ያስተማረችውም፣ እሑድ ፋርማሲ ተረኛ ስትሆን ካርታዎቹን የምታውሰውም እሷው ናት።

«ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ አባቷ።

«ቃሉን ስትሰማ ፊትህ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ነው። አጎቴን እንዳላስታውስህ ብዬ ነው።» እንባዋ መጣ። «እሱንም አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ሳህሌ ልጃቸውን ሳይሆን ናትናኤልን ነበር የሚያዩት፣ በዚያው ጨርቅ በሚለኩበት አስተያየት። ሙሽሪትን ሊያጣ ደርሶ እንኳ ምስጢሯን ያላወጣ ልጅ ከፊታቸው ተቀምጧል። እኛ ሦስት ሽማግሌዎች በሁለት ቀጠሮ ያላስረዳነውን ጠባይ በዝምታው አስረዳው።

በመጨረሻ አንድ ካርታ አነሡ። የድንጋይ ልብስ የለበሰው ሽማግሌ ነበር። ገለበጡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«እስቲ ተጫወቱ፣ ልየው» አሉ።

ጠረጴዛው ተለቀቀላቸው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ምን እንደሚያደርጉ እኛ ባይገባንም ማን እየተጨነቀ እንደሆነ ግን ይገባን ነበር፤ የናትናኤል ግንባር ላብ አወጣ። ሜሮን እንባዋ ሳይደርቅ ካርታ በካርታ ላይ ትጥላለች፣ ጦሩን አንድ በአንድ ታነሣበታለች። አቶ ሳህሌ ወንበራቸውን እየሳቡ፣ እየሳቡ ከልጃቸው ጎን ደረሱ። አንዴማ «ይሄንን አውጪ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ብልህነቱን፣ ትጋቱን፣ አርቆ አሳቢነቱን ስንመሰክርለት የከረምነው ሙሽራችን በገዛ ሽማግሌዎቹ ፊት ድባቅ ተመታ።

አቶ ሳህሌ ቀና ብለው አዩን።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። ከዚያ የናትናኤልን ትከሻ ቸብ ቸብ አድርገው፣ «አንተን ግን፣ ልጄ፣ እግዜር ይርዳህ።»